ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ነፃ ትምህርት በዋሽንግተን ዲሲ፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ወንበሩስ እንዴት ይገኛል?

በዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ውስጥ የሚኖሩ ከሆነና ልጅዎ ሦስት ዓመት ከሞላው፣ ከኪንደርጋርተን በፊት ያሉትን ሁለት ዓመታት በመንግሥት ወጪ ሊያስተምሩት ይችላሉ። ስንት ያገኛሉ ብሎ የሚጠይቅዎት የለም። ይህን ሳያውቁ ለግል ዴይኬር በዓመት 20 ሺህ ዶላር አካባቢ የሚከፍሉ ወገኖቻችን ዛሬም አሉ። ሌሎች ደግሞ ወሬውን የሚሰሙት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንየው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ፣ በስም ካልለየኋቸው በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፕሪኬ ማለት ምን ማለት ነው?

ከኪንደርጋርተን በፊት ያለ ትምህርት ነው። ሁለት እርከን አለው። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ፕሪኬ 3 ይገባል፣ አራት የሞላው ፕሪኬ 4። አገር ቤት ነርሰሪና ኬጂ የምንለው ዓይነት ነው። ልጁ ይጫወታል፣ ይዘምራል፣ ፊደልና ቁጥር ይለምዳል፣ ተራ መጠበቅን ይማራል። አገር ቤትም ቢሆን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች «ኦ ክፍል» ወይም «ዜሮ ክፍል» የሚባል የአንድ ዓመት ትምህርት ተስፋፍቷል። ዲሲ ግን ሁለት ዓመት ነው የሚሰጠው፣ ያውም ሙሉ ቀን።

መሠረቱ የከተማው ምክር ቤት በ2008 ያወጣው ሕግ ነው። ሕጉን ይዘው የተነሡት ያኔ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ የነበሩት፣ ኋላ ከንቲባ የሆኑት ቪንሰንት ግሬይ ናቸው። ግቡ ፕሪኬን ለድሃ ልጅ ብቻ የሚሰጥ ድጎማ ሳይሆን ለሁሉም ልጅ የተከፈተ ትምህርት ማድረግ ነበር። በእኔ እምነት የሕጉ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው። የታክሲ ሹፌሩና የጠበቃው ልጅ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ተረት ይሰማሉ።

የእኔ ልጅ ይገባል?

ሁለት ነገር ብቻ ይታያል። አንደኛው ዕድሜ ነው። ልጁ ትምህርት በሚጀምርበት ዓመት እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ሦስት ዓመት ከሞላው ፕሪኬ 3፣ አራት ከሞላው ፕሪኬ 4 ይገባል። ልጅዎ አገር ቤት ተወልዶ የልደት ወረቀቱ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ፣ ሴፕቴምበር 30 መስከረም 20 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ደግሞ መስከረም 19 ይሆናል። ልደቱ ለዚህ ቀን የቀረበ ልጅ ካለዎት ቀኑን በጥንቃቄ ያስቆጥሩ። አንድ ቀን አንድ ሙሉ ዓመት ታሳጣለች።

ሁለተኛው የዲሲ ነዋሪነት ነው። ወላጁ ወይም አሳዳጊው በእርግጥ ከተማው ውስጥ መኖር አለበት። የኢሚግሬሽን ወረቀት ግን ትምህርት ቤቱ አይጠይቅም። ጥገኝነት ጠይቀው መልስ የሚጠብቁ ቤተሰቦች በዚህ ምክንያት ልጃቸውን እቤት እንዳያስቀሩ አደራ እላለሁ።

ግዴታ ነው? አይደለም። በዲሲ የትምህርት ግዴታ የሚጀምረው ከአምስት ዓመት ነው። ፕሪኬን ወላጅ ከፈለገ ይወስደዋል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ግዴታ ስላልሆነ ማንም በርዎን አንኳኩቶ «ልጅዎን አምጡ» አይልዎትም። መጠየቅ ያለብዎት እርስዎ ነዎት።

ነፃ ከሆነ ማን ይከፍለዋል?

እርስዎ ነዎት፣ ከጎረቤቶችዎ ጋር። ገንዘቡ በዋናነት የሚመጣው ከተማው ከሚሰበስበው ግብር ነው፤ ከገቢ ግብር፣ ከቤት ግብርና ከሽያጭ ግብር። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቡና ሲጠጡ ሂሳቡ ላይ የምትጨመረው ታክስ እዚያው ቋት ውስጥ ትገባለች። ቤት የሚከራዩ ከሆነም ባለቤቱ የሚከፍለው የቤት ግብር ኪራይዎ ውስጥ አለ። ስለዚህ ፕሪኬ ምጽዋት አይደለም። ሊያፍሩበትም አይገባም።

ገንዘቡ ለትምህርት ቤቶች የሚከፋፈለው በአንድ ቀመር ነው። መጀመሪያ ለአንድ ተማሪ መነሻ የሚሆን ዋጋ ይቆረጣል። በ2025 የበጀት ዓመት መነሻው 14,668 ዶላር ነበር። ከዚያ በልጁ ክፍል ይባዛል። ለፕሪኬ 3 ልጅ በ1.34፣ ለፕሪኬ 4 ልጅ በ1.30። ስናሰላው ለአንድ የሦስት ዓመት ልጅ 19,655 ዶላር፣ ለአራት ዓመት ልጅ 19,068 ዶላር አካባቢ ይመጣል።

ትንሹ ልጅ ለምን ይበልጥ ያስወጣል? ሰው ስለሚፈልግ ነው። በፕሪኬ 3 ክፍል ከ16 ልጆች በላይ አይቀመጡም፣ በፕሪኬ 4 ደግሞ ከ20 በላይ። በሁለቱም መምህርና ረዳት፣ ሁለት አዋቂ ይኖራል። አንዷ ተረት ስታነብ ሌላዋ የአንዱን ልጅ ጫማ ታስራለች፣ ሌላውን እጁን ታስታጥባለች። የአምስተኛ ክፍል መምህር ይህ ሥራ የለበትም። የወጪው ዋና ክፍል የእነዚህ ሰዎች ደመወዝ ነው።

እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ላለ ልጅ ደግሞ ቀመሩ ላይ 0.5 ይጨመራል። በ2025 ሒሳብ ተጨማሪው ከ7 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ይህን የምነግርዎት ለአንድ ነገር ነው። ሲመዘገቡ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ እንደምትናገሩ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጥዎታል። አንዳንድ ወላጅ ልጁ ዝቅ ተደርጎ እንዳይታይ ሰግቶ «እንግሊዝኛ» ብሎ ይሞላል። እውነቱን ይጻፉ። አማርኛ ካላችሁ አማርኛ ይበሉ። ልጁ ከተመዘነ በኋላ ድጋፍ የሚያስፈልገው ሆኖ ከተገኘ፣ ለዚያ የሚሆነው ገንዘብ አብሮት ይመጣል።

ወንበሩ እንዴት ይገኛል?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በዲሲ ሁለት ዓይነት የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። አንዱ ከተማው ራሱ የሚያስተዳድረው ሲሆን ዲሲፒኤስ ይባላል። ሌላው ቻርተር ነው፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ፣ ግን የራሱ ቦርድ ያለው ትምህርት ቤት። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ለፕሪኬ የሚያመለክቱት ለሁለቱም በአንድ ቅጽ ነው፤ ቅጹ ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው የጋራ የዕጣ ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። ማመልከቻ ከዚህ ውጪ የሚቀበሉ ጥቂት ቻርተሮች ስላሉ የፈለጉትን ትምህርት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ።

ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በዲሴምበር ይከፈትና በማርች መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። በእኛ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ማለቂያ ማለት ነው። ትክክለኛው ቀን በየዓመቱ ስለሚለያይ ዲሴምበር ሲገባ ማይ ስኩል ዲሲ ድረ ገጽ ላይ ይዩት። ማመልከት ነፃ ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስገቡት ሰነድ የለም። እስከ 12 ትምህርት ቤት ድረስ በምርጫዎ ቅደም ተከተል ይጽፋሉ።

«ሎተሪ» ሲባል ብዙዎቻችን ዲቪ ትዝ ይለንና ተስፋ እንቆርጣለን። ይህ ግን እንደዚያ አይደለም። በዲቪ ወይ ይወጣልዎታል ወይ አይወጣልዎትም። እዚህ ኮምፒዩተሩ ለልጅዎ አንድ የዕጣ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ዝርዝርዎን ከላይ ወደ ታች እየተከተለ ወንበር ይፈልግለታል። ከቁጥሩ በፊት ደግሞ የሚታዩ ቅድሚያዎች አሉ። ወንድሙ ወይም እህቱ እዚያ የሚማር ልጅ ይቀድማል። በዲሲፒኤስ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ክልል ውስጥ የሚኖር ልጅ ይቀድማል። በተወሰኑ የዲሲፒኤስ ትምህርት ቤቶችማ የክልሉ ልጅ በጊዜው ካመለከተ ወንበሩ የተረጋገጠ ነው። የእርስዎ የሰፈር ትምህርት ቤት ከእነዚህ አንዱ መሆኑን ከሁሉ በፊት ይጠይቁ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። እርስዎ «ሀ» የሚባለውን አንደኛ፣ «ለ»ን ሁለተኛ፣ «ሐ»ን ሦስተኛ አድርገው ጻፉ እንበል። «ሀ» በጣም ተፈላጊ ስለሆነ ሞላ። ኮምፒዩተሩ ልጅዎን ወደ «ለ» ይወስደዋል። እዚያ ቀድመው የተመደቡ ልጆች ቢኖሩም የልጅዎ ቅድሚያና የዕጣ ቁጥር ከእነሱ የተሻለ ከሆነ ወንበሩ ለእሱ ይሆናል፤ የተነሣው ልጅ ወደ ራሱ ቀጣይ ምርጫ ይሄዳል። ምደባው የሚጸናው የሁሉም ልጅ ዝርዝር ታይቶ ሲያበቃ ብቻ ነው። ልጅዎ «ለ» ከደረሰው በ«ሀ» የተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ይቆያል። ከ«ሐ» ግን ይሰረዛል፣ ምክንያቱም የተሻለ የመረጡትን አግኝተዋል።

ከዚህ የሚከተለው ምክር አንድ ነው። የልብዎን ቅደም ተከተል ይጻፉ። «ያኛው አይደርሰኝም፣ ዕድሌን ላላባክን» ብለው የሚፈልጉትን ትምህርት ቤት ወደ ታች አያውርዱት። ተፈላጊውን አንደኛ ማድረግዎ በሁለተኛው ላይ ያለዎትን ዕድል ቅንጣት አይቀንሰውም። ሥርዓቱ ሆን ተብሎ የተሠራው እንዲህ ነው። መሠረቱም በ2012 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አልቪን ሮዝና ባልደረቦቻቸው ለትምህርት ቤት ምደባ ያዳበሩት ስሌት ነው። በዘዴ ላሸንፍ ያለ ሰው ራሱን ብቻ ይጎዳል። የማይፈልጉትን ትምህርት ቤት ደግሞ ጨርሶ አይጻፉት።

ውጤቱ በማርች ማለቂያ ወይም በኤፕሪል መግቢያ ይመጣል። ደረሰዎት ማለት ግን ተመዘገቡ ማለት አይደለም! እስከ ሜይ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ሰነድ ይዘው ሄደው ካልተመዘገቡ ወንበሩ ለተጠባባቂ ይሰጣል። በፕሪኬ 3 የገባ ልጅ በዚያው ትምህርት ቤት ወደ ፕሪኬ 4 ያለ ዕጣ ያልፋል፣ በየዓመቱ ምዝገባ ማደስ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት። ለዚህ ነው በሦስት ዓመቱ ማመልከት የሚሻለው። የልብ ትምህርት ቤት ውስጥ በአራት ዓመት የሚከፈተው ወንበር ትንሽ ነው።

ምን ሰነድ ያስፈልገኛል?

የልጁ ዕድሜ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራና የክትባት ቅጽ፣ የጥርስ ምርመራ ቅጽ፣ እንዲሁም የነዋሪነት ማረጋገጫ። የጤና ቅጹን የልጁ ሐኪም፣ የጥርሱን ደግሞ የጥርስ ሐኪም ይሞላል። ቀጠሮ ስለሚዘገይ ውጤቱ እንደወጣ ይደውሉ።

ወገናችንን የሚያስቸግረው የነዋሪነቱ ነው። የዲሲ ግብር እንደተቆረጠ የሚያሳይ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት ካለዎት እሱ አንድ ብቻውን ይበቃል። ከሌለዎት ሁለት ማስረጃ ያጣምራሉ፤ ለምሳሌ የኪራይ ውልና የክፍያ ደረሰኝ፣ የመብራት ወይም የውሃ ሂሳብ ከደረሰኙ ጋር፣ የዲሲ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ምዝገባ። ግን የዘመድ ቤዝመንት ውስጥ ያለ ውል የሚኖር ሰው ምን ያደርጋል? መብራቱ በዘመድ ስም ነው፣ ኪራዩ በእጅ ነው የሚከፈለው። ለዚህም መንገድ አለ። ትምህርት ቤቱ ሰው ልኮ ቤትዎን እንዲያይ መፍቀድ ይችላሉ፤ እዚያ መኖርዎ በጉብኝት ይረጋገጣል። ቤት አጥተው በመጠለያ ወይም በችግር ከሰው ጋር ተጠግተው ያሉ ከሆነ ደግሞ የፌዴራል ሕግ ያለ እነዚህ ሰነዶች ልጅዎን የማስመዝገብ መብት ይሰጥዎታል። ጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ሰው ይህን ሳይነግርዎት ሊመልስዎት ይችላልና ጠይቀው ይከራከሩ። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብትም አለዎት። በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ያስገድዳል፣ አማርኛም ከሚያገለግሉባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ሜሪላንድ እየኖሩ በዲሲ ጓደኛ አድራሻ ማስመዝገብ ግን አይሞከርም። ከተማው ይመረምራል። ከተደረሰበት ልጁ ከመባረሩም በላይ ያልተከፈለው የትምህርት ዋጋ በሙሉ ይጠየቃል፣ ፍርድ ቤት የደረሱ ጉዳዮችም አሉ።

ከኪሴ የሚወጣ ነገር የለም?

አለ። ነፃ የሆነው የትምህርት ቀኑ ነው። ቁርስ በሕግ ለሁሉም ነፃ ነው፣ ምሳም በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች እንዲሁ። ትምህርቱ ግን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አካባቢ ያበቃል። ሆስፒታል፣ ሆቴል ወይም ፓርኪንግ የሚሠራ ወላጅ በዚያ ሰዓት አይወጣም። ከዚያ በኋላ ያለው ቆይታ፣ አፍተር ኬር የሚባለው፣ በአብዛኛው ይከፈልበታል። አንዳንዱ ጋ በገቢዎ መጠን ይቀንስልዎታል፣ አንዳንዱ ጋ ቦታው በፍጥነት ይሞላል። ትምህርት ቤት ሲመርጡ ከመምህሩ ጥራት ቀጥሎ ይህን ይጠይቁ። በጋውም አለ፤ ከጁን ማለቂያ እስከ ኦገስት ማለቂያ ልጁ እቤት ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስም በአብዛኛው የለም፣ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ካልሆነ በቀር። ዩኒፎርም የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች አሉ።

የፕሪኬ ሕጉ ይህን ክፍተት ሳይደፍን መቅረቱ ያሳዝነኛል። የሚሠራ ወላጅን አስቦ የተሠራ ሥርዓት ቀኑን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሊጨርስ አይገባም ነበር። እንደዚያም ሆኖ ለውጡ ትልቅ ነው። ሴንተር ፎር አሜሪካን ፕሮግረስ የተባለው የጥናት ተቋም በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ከ2008 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው የዲሲ እናቶች በሥራ ገበያ ውስጥ ያላቸው ድርሻ ወደ 12 መቶኛ ነጥብ ጨምሯል። ከዚህ ውስጥ 10 ያህሉን ያመጣው ነፃው ፕሪኬ ነው ይላል። ለልጅ የወጣው ገንዘብ ለእናትም ሥራ ሆኗል።

ልጄ እንግሊዝኛ አይችልም፣ ዳይፐርም አላቆመም

እንግሊዝኛ ለመግባት መስፈርት አይደለም። የሦስት ዓመት ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ሲውል ቋንቋውን ያነሳል። እቤት አማርኛ ማናገርዎን ግን አያቁሙ፤ የቤቱ ቋንቋ የትምህርት ቤቱን አያደናቅፍም። ዲሲፒኤስም ልጁ ዳይፐር ስላላቆመ ብቻ አይመልሰውም።

ልጅዎ ከእኩዮቹ ዘግይቶ የሚናገር ከሆነ ወይም ሌላ የሚያሳስብዎ ነገር ካለ፣ ኧርሊ ስቴጅስ የሚባል የዲሲፒኤስ ማዕከል አለ። ከሁለት ዓመት ከስምንት ወር እስከ አምስት ዓመት ከአሥር ወር ያሉ ልጆችን በነፃ ይመረምራል። «ሲያድግ ይናገራል» እያልን የምናሳልፈው ዓመት ለልጁ ውድ ነው።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነዋሪ ነኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ከሆኑ ደንቡ ይለያል፤ እዚያ ገቢ ይታያል። ሜሪላንድ በ2021 ባጸናችው የትምህርት ሕግ መሠረት ከድህነት ወለሉ ሦስት እጥፍ ያልበለጠ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ነፃ ሙሉ ቀን ትምህርትን በየደረጃው እያስፋፋች ነው። የድህነት ወለል ማለት የፌዴራል መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣው የገቢ ልክ ነው። በ2025 ለአራት ሰው ቤተሰብ 32,150 ዶላር ስለነበር ሦስት እጥፉ 96,450 ይሆናል። ይህ ብዙዎቻችንን ያቅፋል። የዕድሜው ቀን ግን ሴፕቴምበር 1 ነው። የቨርጂኒያው በዋናነት ለአራት ዓመት ልጆች ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከድህነት ወለሉ ሁለት እጥፍ ያልበለጠ ለሚያገኙ ነው፤ ቀኑ እንደ ዲሲ ሴፕቴምበር 30 ነው። በሁለቱም ቦታ የሚያመለክቱት በካውንቲው ወይም በከተማው ትምህርት ቢሮ በኩል ነው።

ቀኑ ቢያልፈኝስ?

ያመልክቱ። ዲሲ ውስጥ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚያመለክት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በተጠባባቂ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ይገባል እንጂ አይመለስም። ዝርዝሩም በሜይ፣ ከዚያ ደግሞ በኦገስት ይንቀሳቀሳል፤ ሰው ከተማ ይለቃል፣ ሐሳቡን ይለውጣል፣ ሳይመዘገብ ይቀራል። ትምህርት ቤቶችም ባዶ ወንበር አይወዱም። የተማሪ ቆጠራ የሚደረገው ኦክቶበር 5 ነው፤ በተለይ በቻርተሮች ያን ቀን ያልተቆጠረ ልጅ ከላይ ያየነውን 19 ሺህ ዶላር አያመጣላቸውም። ስለዚህ በኦገስት ማለቂያና በሴፕቴምበር መጀመሪያ ለሚፈልጓቸው ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ይደውሉ፣ የተጠባባቂ ቁጥርዎ ስንት እንደደረሰ ይጠይቁ። ስልክዎና ኢሜይልዎ በማመልከቻው ላይ ትክክል መሆኑንም ያረጋግጡ። ወንበር ሲከፈት የሚነግሩዎት በዚያ ነው፣ ለመመለስ የሚሰጡዎትም ጥቂት ቀን ብቻ ነው።